የቤታችን ግድግዳና የእጃችን ሥራ

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ስለ ቤት ግድግዳ ነው። «የኑሮ ውድነቱ፣ የልጆች ትምህርት ወጪና የድሬዳዋ ሙቀት እያለ ስለ ግድግዳ ምን ያነጋግረናል?» የምትል እህት እንደማትጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን ከጌጥ ያለፈ ሆኖ ስላገኘሁት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሳቢያን አካባቢ አዲስ ቤት ገብታ ስለነበር እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት ሄጄ ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናውም ቀርቧል። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከአጠገቡም የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሏል። «ይህ አገር የት ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «እኔ ምን አውቄ! ታይዋን ገበያ አግኝቼ ገዛሁት» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን የራሴን ግድግዳ ስመለከት ያላየሁት አገር ፏፏቴና ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅለው አየሁ። ሳቄን መለስሁት።

ግድግዳን በእጅ ሥራ ማስጌጥ ለአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከድሬዳዋ ብዙ በማይርቀው በለገ ኦዳ የድንጋይ መጠለያ ላይ ጥንታውያን ሰዎች የሣሏቸው የከብቶችና የሰዎች ሥዕሎች ዛሬም ይታያሉ። ያን ያህል ወደ ኋላ ሳንሄድም፣ ሐረር ሄዶ ወይም እዚሁ መጋላ ውስጥ የሐረሪ ጎረቤት ኖሯት ቡና የጠጣች ሁሉ የግድግዳን ሙያ አይታዋለች።

በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት። መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። በግድግዳው ላይ ደግሞ የዕቃ ማስቀመጫ መስኮቶች ተቀርጸው፣ በዙሪያቸው በቀለም ሣር የተሰፉ ሰፌዶችና ሙዳዮች ፊታቸውን ወደ እንግዳው አዙረው በረድፍ በረድፍ ይሰቀላሉ። አሰቃቀላቸው እንደተገኘ አይደለም። የትኛው ከየትኛው ጎን፣ የትኛው ከላይ እንደሚሆን እናት ለልጇ የምታስተላልፈው ሥርዓት አለው። ከስፌቶቹ መካከል «ሐማት ሞት» የሚባለው አለ። በአማርኛችን «የአማት መሶብ» እንደማለት ሲሆን፣ የሙሽራይቱንና የአማቷን ዝምድና የሚያስታውስ ነው።

እነዚህ ስፌቶች ለዓይን ብቻ አልተሠሩም። ሠርግ ወይም ለቅሶ በመጣ ጊዜ ከግድግዳው ወርደው ምግብ ይቀርብባቸዋል፤ ሲያበቃ ተወልውለው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ልጃገረዶችም ሙያ በምታውቅ ሴት ቤት ተሰብስበው ስፌቱን ይማሩ ነበር። አንዱን ስፌት ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። በመሆኑም ወደ ሐረሪ ቤት የገባ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ የቤቲቱ ሴቶች ስንት ዘመን እንደደከሙ ግድግዳው ይነግረዋል። ሐረር ጁገል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስትሠፍር፣ ልዩ ከሚያደርጓት ነገሮች መካከል ይህ የቤቶቿ የውስጥ አሠራር በተለይ ተጠቅሷል። የሴቶች ወስፌና የሣር ቀለም ከግንቡና ከበሮቹ ጋር ተቆጠረ ማለት ነው።

ያ ሐምሌ ለድሬዳዋ ግን የኀዘን ወር ነበር። በደጋው የዘነበው ዝናብ በወሩ መጨረሻ ሌሊት በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቤት አልባ ሆነ። እኔ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ከወንዙ ዳርቻ ራቅ ያለ ቢሆንም ውኃው ገብቶ አንዱን የጭቃ ግድግዳ ጣለው። ከጎረቤቶቻችን መካከል በማግሥቱ ያልተገኙ ነበሩ።

እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። የሌሊት ፈረቃ በማይደርስባት ጊዜ፣ እኛን ካስተኛች በኋላ፣ በአቡጀዲ ላይ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። በጊዜው በብዙ የሠራተኛ ቤት የነበረ ዓይነት ነው፤ ሁለት ጣዎሶች ፊት ለፊት ቆመው፣ ከበላያቸው በቀይ ክር «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ተጽፎበታል። ከጎርፉ በኋላ ጨርቁን ከወደቀው ግድግዳ ሥር ከጭቃ ውስጥ አወጣችው። ደጋግማ አጠበችው፤ የጭቃው መስመር ግን ከታች ጠርዙ ላይ ቀረ። «እማዬ፣ አይለቅም እኮ፣ ጣይው» አልኋት። «ሌላውማ የተገዛ ነው፣ ይገዛል። ይኼን ግን ማን ይሸጥልኛል?» ብላ ማጠቧን ቀጠለች።

ባገባሁ ጊዜ ያንን ጨርቅ አጥፋ ሰጠችኝ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንግዳ እንዳያየው አፍሬ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። በቦታውም ያንን ፏፏቴ ሰቀልሁ።

ዘንድሮ የ8 ዓመት ልጄ ሣጥኑን ስታገላብጥ ጨርቁን አገኘችው። «ማን ነው የሠራው?» ስትል ጠየቀች። እናቴም «እኔ ነኝ» አለቻት። «እኔንም አሳዪኛ!» አለች ልጅ። እናቴ መርፌና ክር አስመጣች። መርፌውን ወደ ብርሃን አነሳች፤ ክሩን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከረች። አልገባላትም። ዓይኗ በግላኮማ ከደከመ ቆይቷል፤ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስም ሐኪም ነግሯታል። መርፌውን ወደ እኔ ዘርግታ «እንግዲህ አንቺ አሳያት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጥልፍ አልችልም። ተማሪ ሳለሁ «ይህ የድሮ ሴቶች ሥራ ነው» ብዬ እጄን አላስገባሁበትም ነበር።

እህቶች፣ ጉዳዩ ከጌጥ ያለፈ ነው ያልኋችሁ ይህ ነው። ሙያው ከእናቴ ወደ ልጄ የሚያልፈው በእኔ በኩል ነበር፤ እኔ ጋ ሲደርስ ተቋረጠ። በየቤታችን ስፌት የሚያውቁ፣ ዳንቴል የሚሠሩ፣ ሰሌን የሚታታ እጅ ያላቸው እናቶች፣ አክስቶችና ጎረቤቶች አሉን። ዓይናቸውና ጣታቸው ሳይደክም ዛሬ አጠገባቸው ካልተቀመጥን ነገ መጠየቅ ብቻ ይሆንብናል።

እኛ ቤት እንዴት እንደ ጀመርነው ልንገራችሁ። እናቴ በቃል ትናገራለች፣ ክሩን በጣቷ እየዳበሰች «ላልቷል»፣ «ጠብቋል» ትላለች። እኔና ልጄ እንጠልፋለን። ከዚህ ያገኘነውን ልምድ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ጨርቅና ክር፦ ወፍራም ነጭ አቡጀዲ ይበቃል። ከመጥለፍ በፊት አጥቦ መተኮስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ኋላ ሲታጠብ ተሸብሽቦ ጥልፉን ያበላሻል። ክሩም ቀለም እንደማይለቅ ለማወቅ፣ አርጥቦ በነጭ ጨርቅ መሐል ጫን ማድረግ ነው። ቀለሙ ነጩ ላይ ከታተመ ያንን ክር ተዉት።

ሥዕሉ፦ ከመጽሔት መገልበጥ ግድ አይደለም። የልጆቻችሁን ሥዕል ውሰዱ። ወረቀቱን ከላይ፣ ካርቦን ወረቀቱን ከሥሩ አድርጋችሁ በእስክሪብቶ ብትከተሉት መስመሩ ጨርቁ ላይ ይወጣል። ለጀማሪ የሰንሰለት ስፌት ይቀላል፤ ቢሳሳትም ተመዝዞ እንደገና ይጀመራል።

አሰቃቀሉ፦ የጨርቁን የላይኛ ጠርዝ ሰፋ አድርጋችሁ አጥፉና ስፉት፤ በውስጡ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ አስገብታችሁ በሁለቱ ጫፍ ገመድ ብታስሩለት አንድ ሚስማር ይይዘዋል። በኪራይ ቤት ሚስማር መምታት የማይፈቀድላችሁ ደግሞ አስቀድሞ በተመቱት ሁለት ሚስማሮች መካከል ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ማንጠልጠል ትችላላችሁ። የድሬዳዋ ፀሐይ ቀለም ስለሚበላ፣ ከሰዓት በኋላ ጨረር የሚያርፍበትን ግድግዳ ምረጡለት አልልም።

የሣር ስፌት ያላችሁ፦ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ቀለሙን ያደባልቃል፤ ግድ ከሆነ ጨርቅ በትንሹ አርጥቦ መወልወልና በጥላ ማድረቅ ይሻላል። ከስፌቱ ጀርባ ትንሽ እንጨት ጣል አድርጋችሁ ከግድግዳው ብታርቁት አየር ስለሚያገኘው አይሻግትም። አልፎ አልፎም አውርዳችሁ ብል እንዳልገባው ተመልከቱ።

ባሎችና ወንዶች ልጆችም ከሥራው ውጭ አይደሉም። ፍሬም መሥራት፣ ሚስማር መምታት፣ መሣልም ሆነ መጥለፍ ለሴት ብቻ የተጻፈ ሕግ የለውም። ጊዜ ያጣች ሠራተኛ እናት ደግሞ በሳምንት አንድ ምሽት ግማሽ ሰዓት ትመድብ፤ የእኛው ጥልፍ ያለቀው በሁለት ወር ነው። ጨርሶ የማይመቻት ብትኖር ከሠሪዋ እጅ ትግዛ። ለፕላስቲክ አበባው የሚወጣው ገንዘብ ተጠራቅሞ ልጆቿን በስፌት ለምታሳድግ አንዲት ሴት የድካም ዋጋ ይሆናታል። ስትገዛም ስፌቱን ማን እንደሠራችውና የጥለቱን ስም ብትጠይቅ ጥሩ ነው፤ ለእንግዳ የምትነግረው ታገኛለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሥራው ሲያልቅ ከጀርባው የሠሪውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። በእናቴ ጨርቅ ጀርባ ምንም አልተጻፈም፤ የሠራችበትን ዓመት ስጠይቃት «ያንቺ ታላቅ ዳዴ ሲል» ብቻ ነው ያለችኝ። እኔም አሁን ራሷ ባለችበት በወፍራም ክር ስሟን ከጀርባው ጠልፌበታለሁ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ እሷ ግን በጣቷ ዳብሳ አነበበቻቸው።

ፏፏቴው ወርዷል። በቦታው ጣዎሶቹ ከነጭቃው መስመራቸው ተሰቅለዋል። ከጎናቸውም ልጄ የሣለችው፣ ሦስታችን የጠለፍነው ሰማያዊ ባጃጅ አለ። አንደኛው ጎማ ከሌሎቹ ይተልቃል። ልጄ ፈትተን እናስተካክለው ብትል አያቷ «ተዪው፣ ይሄዳል» አለቻት።

እናንተስ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ምን ታጥፎ ተቀምጧል? እስቲ አውጡትና ሠሪዋ በሕይወት ካለች ስለ እሱ ጠይቋት። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።