ቮላኖው ገባ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲገልጽ፣ ክርክሩ ሁሉ ስለ ቻርጅ ማድረጊያና ስለ መብራት መቆራረጥ ሆነ። አገር ውስጥ ስላሉት፣ ቤንዚንና ናፍጣ ስለሚጠጡት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች የጠየቀ ጥቂት ነበር። እነዚህ መኪኖች በውሳኔው ማግስት አልጠፉም። እንዲያውም ምትካቸው ስለተወደደ ረጅም ዕድሜ ተፈረደባቸው። ያንን ዕድሜ የሚሰጣቸው ደግሞ ሚኒስቴሩ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር የተኛው ሰው ነው።

ይህ ሰው ምን ይዞ እንደሚሠራ ለማየት አንድ ዕቃ ይበቃል፤ ቮላኖ። ከክራንክሻፍቱ ጀርባ የሚታሰረው ከባድ የብረት ክብ ነው። የፒስቶኖቹን ምት ተቀብሎ ዙሩን ያለሰልሳል፤ ሞተሪኖው የሚነክሰው ጥርስ ጠርዙ ላይ ነው፤ የፍሪሲዮን ሸራው የሚያርፈውም ፊቱ ላይ ነው። (ስሙን ጣሊያን ትቶልን ሄደ፤ እንደ ካቻቪቴና ቡሎን ሁሉ። የልኬት መሣሪያውን ግን ከስሙ ጋር አልወረስነውም።)

ወለጋ ውስጥ ይህ ዕቃ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ለመገመት መንገዱን ማየት ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ በደሌ የሚሄድ ሁሉ ደዴሳ ሸለቆ ድረስ ወርዶ መልሶ መውጣት አለበት። ቡና የጫነ መኪና ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ሲንፏቀቅ የቮላኖው ፊት ይግላል፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሲደጋገም እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ ቀላል ከሆነ ቶርኖ ቤት ተልጦ ይመለሳል፤ ከባሰ መቀየር ነው። ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ በወለጋ መንገድ መሐል መኪና ቆመ ማለት የገንዘብ ኪሳራ ብቻ እንዳልሆነ የአካባቢው ሰው ጠንቅቆ ያውቃል።

አሁን አንድ ቮልስ እንውሰድ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ዓይነት፣ ዛሬም የምትነዳ መኪና ናት። የቮልስ ቮላኖ ጥርሱ ከራሱ ብረት የተቀረጸ ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ሙሉው ይቀየራል። በበከኒሳ ቀሴ ያለ ባለ ቮልስ ሱማሌ ተራ ሰው ልኮ ያገለገለ ቮላኖ አስመጣ እንበል። መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የድሮው የ6 ቮልት ሞተር ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፤ የኋለኛው የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፣ ስፋቱም ይበልጣል። በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ይፈጫል። አንዳንዱ ቤቱን በግራይንደር ፈግፍጎ ያስገባዋል፤ በሥርዓት ከተሠራና ሞተሪኖውም አብሮ ከታሰበበት ይሄዳል። በግምት ከሆነ ግን ሞተሩ መልሶ መውረዱ አይቀርም።

ዕቃው ትክክለኛው ቢሆን እንኳ ሥራው ገና ነው። በቮልስ ሞተር ላይ ክራንክሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት የሚወሰነው ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ሦስት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ነው። ክፍተቱ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የአንድ ወይም የሁለት ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። የዘይት ማገጃው ሳይገባ ሁለቱን ብቻ አስገብቶ ማሰር፣ በዳያል ጌጅ መለካት፣ ከንባቡ ተነስቶ የሦስተኛውን ውፍረት መምረጥ ነው አሠራሩ። ይህን በዓይን የሚያይ ሰው የለም። በእጅ ነቅንቆ “ጥሩ ነው” ማለት ግን የተለመደ ነው። ያው የድሮዎቹ ሮንዴላዎች ተመልሰው ይገባሉ፤ አዲሱ ቮላኖ ግን የአሮጌው ልክ የለውም።

ቮላኖውን የሚይዘው መሐል ላይ ያለ አንድ ትልቅ ቡሎን ነው። በኋለኞቹ ሞተሮች ማጥበቂያው ወደ 343 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ በአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ እንደ መስቀል ነው። በግምት ከታሰረና ከላላ ቮላኖው በአራቱ ፒኖች ላይ መጫወት ይጀምራል፣ የፒኖቹን ቀዳዳ ሞላላ ያደርጋል፣ በመጨረሻም ክራንክሻፍቱን ይዞ ይሄዳል። የቡሎን ማጥበቅ ጉዳይ የሞተር ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በሌሎች አሮጌ መኪኖችም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። መቀመጫው ላይ የቀረች የዝገት ቅንጣት ወይም የብረት እሾህ ቮላኖውን ታዘነብለዋለች፤ ስለዚህ ከታሰረ በኋላ ዳያል ጌጁን ፊቱ ላይ አሳርፎ ሞተሩን በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መዛባት ከሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት አስረኛ አይበልጥም። በአሮጌ ናፍጣ ላንድሮቨሮች ላይ ደግሞ የናፍጣ መርጫው ጊዜ ምልክት የተቀረጸው ቮላኖው ላይ ስለሆነ፣ አቀማመጡ ከተሳሳተ የናፍጣ ፓምፑ ሰዓትም ይሳሳታል። ክብደቱ የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ከመሐሉ 12 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ የ10 ግራም ልዩነት በደቂቃ 4,000 ዙር ሲሽከረከር ወደ 21 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ክራንክሻፍቱን ይጎትታል፤ በየዙሩ። ባለቤቱ የሚያየው መሪው ላይ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፤ ኩሽኔታው ግን እየተበላ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የመካኒኩ ነው? በከፊል። ልኬት ጊዜ ይወስዳል፣ ደንበኛው ደግሞ “ዛሬ ልሂድበት” ይላል፣ ለልኬት የሚከፍልም የለም። ሸራውን መሐል ለማስያዝ የአሮጌ ካምቢዮ ዘንግ ቆርጦ የሚጠቀም መካኒክ ብልህነት አይጎድለውም፤ ያ መላ ከተገዛው መሣሪያ እኩል ይሠራል። መላ የማይተካው ሚሊ ሜትርን በመቶ የሚከፍለውን ጌጅና ማመጣጠኛ ማሽኑን ነው።

“አሮጌ መኪና ይወገድ እንጂ ምን ያጨቃጭቃል?” የሚሉ አሉ። ስለ ጭሱና ስለ አደጋው ልክ ናቸው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዶላር በይፋው ገበያ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። በዚህ ሁኔታ ያለውን መኪና የሚያስወግድ የቡና ነጋዴ ወይም የጤና ጣቢያ ምን ይነዳል? ኩባ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጡ አሜሪካ ሠራሽ መኪኖችን እስከ ዛሬ የምትነዳው ስለምትወዳቸው ብቻ አይደለም፤ ሌላ ስላልነበራት ነው። ኢትዮጵያም ወደዚያው እያመራች ከሆነ፣ የኩባ መካኒክ በችግር የተማረውን የኢትዮጵያ መካኒክ በትምህርት ቤት ቢማረው ይሻላል።

የሚጠየቀው ደግሞ ፋብሪካ አይደለም። የክልልም ሆነ የከተማ አስተዳደር እንደ ነቀምቴ ባለ፣ ጊምቢን፣ ሻምቡንና ደምቢ ዶሎን በሚያገለግል ከተማ በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ማመጣጠኛ ማሽን አስቀምጦ ለጋራዦች በክፍያ ክፍት ማድረግ ይችላል። ተማሪው በእውነተኛ ሥራ ይማራል፣ ጋራዡም ለአንድ ቮላኖ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ አይሄድም። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ፍሬንና መብራት ያያል እንጂ ከፍሪሲዮን ቤት ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ውስጥ የሆነውን የሚያውቀው የገጠመው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ መኪናውም ካምቢዮው ከመገጠሙ በፊት ጋራዡ ደርሶ የዳያል ጌጁን ንባብ በዓይኑ ይይ፣ ቁጥሩም ከሂሳቡ ጋር ደረሰኙ ላይ ይጻፍለት።