ሁለት ዜግነት ይፈቀድ ቢባል

በሠፈራችን ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ውጭ አገር የሌለው ቤት ቢፈለግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዜግነት ጉዳይ የሕግ ዐዋቂዎች ወሬ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም።

እንደሚታወቀው በሥራ ላይ ያለው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያዊነቱንም በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። ታዲያ ለእንጀራው ሲል ወይም እናቱን ለማስመጣት የአሜሪካ ፓስፖርት ያወጣ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን የተወው እውነት ወዶ ነው? እኔ አይመስለኝም። ሪያድና ዱባይ የሚሠሩት ልጆቻችን ሃያ ዓመት ቢቀመጡም እዚያ ዜግነት የሚሰጣቸው ስለሌለ ኢትዮጵያዊ እንደሆኑ ይኖራሉ። ልዩነቱን ያመጣው እኮ የሰው አገር ሕግ እንጂ ያገር ፍቅር ማነስ አይደለም።

በእርግጥ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሜዳ ላይ አልተጣሉም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ በኢንቨስትመንትም እንዳገር ልጅ ያስቆጥራል። ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር የለም። ደግሞም ካርድ ካርድ ነው። የባንክ አክሲዮን ገዝተው የነበሩት ወገኖች የውጭ ዜጋ ናችሁ ተብለው በ2009 ዓ.ም. አክሲዮናቸውን እንዲመልሱ ታዘዙ፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሕጉ ተሻሻለና ግቡ ተባሉ። ዜግነታቸው ቢጠበቅላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ መመላለስ ባልመጣ።

ጉዳቱስ? አለው እንጂ። አሜሪካ ዜጋዋ የትም ይኑር የት ገቢውን እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች። ሁለት ፓስፖርት የያዘ ሰው ከሁለቱ አገሮች በአንዱ ቢታሰር ሌላው መንግሥት ሊሟገትለት አይችልም፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የተደረገው የሔግ ስምምነት የሚለው ይህንኑ ነው። የአውስትራሊያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በ2017 የምክር ቤት ወንበራቸውን ያጡት በአባታቸው በኩል የኒውዚላንድም ዜጋ ሆነው በመገኘታቸው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የድምፅ ጉዳይ ነው። የኑሮ ውድነቱን፣ የውሃውን ወረፋ፣ አያድርገውና ጦርነት ቢመጣም መዘዙን የማይቀምስ ሰው ከሩቅ ሆኖ መሪ ሊመርጥልን ነው? የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ለዚህ መላ አለው። በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ሌላ ዜግነት ቢጨምር ይፈቀድለት፤ የምርጫ ካርድ የሚያወጣው እዚህ ሲኖር ብቻ ይሁን፤ ከፍተኛ ሥልጣን የሚፈልግ ደግሞ አንዱን ይምረጥ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጀርመንም በ2024 ፈቅደዋል፤ አገራቸው አልፈረሰም።

እስከዚያው ሕጉ ሕግ ነው። ውጭ አገር በመወለዱ ያን አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላስታወቀ እንደተወው ይቆጠራል። የተወም ሰው እዚህ ተመልሶ ከኖረና የውጩን ዜግነት ከተወ አመልክቶ መመለስ ይችላል። የልጅ ልጆች ያሏችሁ እናቶችና አባቶች ስልክ ሲደወል ይህን ብትነግሩልን መልካም ነው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም።