ዊልቸር እንደ ጫማ በልክ ነው

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ትንፋሹ ሳይቆራረጥ እንደማይደርስ ያውቃል። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ የአካባቢው ነዋሪ ግን ከዳገቱም ቁልቁለቱ ይከፋል። ኮብልስቶኑና ክፍት ቦዩም ሌላ ፈተና ናቸው።

በቅርቡ አንድ የቁስቋም አካባቢ ነዋሪ አባት ለሕክምና መጥተው ነበር። በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ምክንያት ከወገባቸው በታች ስሜት የላቸውም። ያመጣቸው መቀመጫቸው ላይ የወጣ ቁስል ነው። ዊልቸሩን በልግስና ያገኙት ሲሆን፣ በሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛን ከክፍል ወደ ክፍል ለማድረስ የሚያገለግለው ዓይነት ነው። ለእርሳቸው ይሰፋል፤ ሸራው ረግቧል፤ የመቀመጫ ትራስም የለውም። ቁስሉን ማከም ይቻላል። ወንበሩ ካልተስተካከለ ግን ተመልሶ ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በዓለም ላይ 80 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዊልቸር ያስፈልጋቸዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ዊልቸር መስጠት ዕቃ ማደል ብቻ አለመሆኑን ያስገነዝባል። ተገቢውን መምረጥ፣ በልክ ማስተካከል፣ ተጠቃሚውን ማሠልጠንና መከታተል አብረው መሄድ አለባቸው።

ስለ አዳዲስ ዊልቸሮች ሲነሳ ብዙዎቻችን በባትሪ የሚሠራውን እናስባለን። እርግጥ የሊቲየም ባትሪ ቀላል መሆንና ከፊት የሚገጠሙ ሞተሮች መምጣት ለብዙዎች እፎይታ ሰጥቷል። ሆኖም ዳገት ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል፤ ሞተሩ ሲበላሽም ጠጋኝና መለዋወጫ ያስፈልጋል። ለእንደ ቁስቋም ዓይነት መንደር ይበልጥ የሚጠቅሙ ሌሎች ፈጠራዎች አሉ። የፊት ጎማቸው ሰፋ ያለና ወደ ፊት የራቀ ዊልቸሮች በድንጋይ ላይ በቀላሉ አይገለበጡም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራው ባለ ሦስት ጎማ ዊልቸር ደግሞ በሁለት ዘንጎች ይነዳል። ዘንጉን ከላይ ይዘው ሲገፉ ጉልበት ይጨምራል፤ ከታች ሲይዙት ፍጥነት ይጨምራል። በብስክሌት ዕቃዎች ስለሚሠራ ብስክሌት የሚጠግን ባለሙያ ሊያድሰው ይችላል።

ዊልቸር የምትገዙ ወይም የምትለግሱ አንባቢያን የሚከተሉትን ልብ በሉ። የመቀመጫው ስፋት ከተጠቃሚው ዳሌ ጋር ይመጣጠን። በመቀመጫው ጫፍና በጉልበት መታጠፊያ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። እጅ በኋላው ጎማ አናት ላይ ሲያርፍ ክርን በመጠኑ መታጠፍ አለበት፤ አለበለዚያ ትከሻ በጊዜ ብዛት ይጎዳል። የኋላው ጎማ ወደ ፊት በቀረበ መጠን መግፋት ይቀላል፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የመገልበጥ አደጋው ግን ይጨምራል። ስለዚህ ከኋላ መገልበጥን የሚከላከሉ ትንንሽ ጎማዎች ይገጠሙለት።

ስሜት ለሌለው ሰው ትራሱ ከወንበሩ አያንስም። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን በማዘንበል የመቀመጫን ጫና መቀነስ ያስፈልጋል። ማታ ማታ ቆዳን በመስታወት ወይም በቤተሰብ እርዳታ መመርመር ተገቢ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ጠቆር ያለ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ፈልጉ። ካገኛችሁ በዚያ ቦታ ላይ መቀመጥ አቁሙና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

በቁልቁለት ላይ ረዳት ካለ ዊልቸሩን አዙሮ፣ ተጠቃሚው ፊቱን ወደ ዳገቱ እንዳደረገ፣ ቀስ እያለ ቢያወርደው ይመረጣል። የዊልቸር ፍሬን ለማቆሚያ እንጂ ፍጥነት ለመቀነሻ አይደለም።

ከዚህ በላይ ያለው ግን ከሐኪምና ከቤተሰብ አቅም ውጪ ነው። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከደነገገ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማትም በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው ዋናው መንገድ ላይ የሚደርሰው ከቤቱ መውጣት ሲችል ነው። በየመንደሩ ቦዮች ቢከደኑ፣ ደረጃ ባለበት ሁሉ አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ቢሠራ፣ ለብዙዎች ከአዲስ ሞተር የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

እኒያ አባት ለጊዜው ትራስ አግኝተዋል፤ ቁስላቸውም እየደረቀ ነው። አሁን የሚጠይቁኝ ስለ ቁስሉ ሳይሆን፣ ሰው ሳያስቸግሩ ከደጃቸው እስከ ታክሲው መቼ እንደሚደርሱ ነው።