የጋብቻ ሕግና የክርስቲያኖች ድርሻ

በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ አዳራሽ ስለ ጋብቻ ክርክር በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ብድግ ብሎ «ፍቺን ያረከሰው የመንግሥት ሕግ ነው፤ ክርስቲያን ነን የምንል ሁሉ ሕጉ እንዲጠብቅ መጠየቅ አለብን» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሃይማኖት እጁን ከሕግ ላይ ያንሣ» ብሎ ይመልስለታል። ጭብጨባው ለማን እንደሚበዛ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ በተናጋሪው ድምፅ ነው። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ክርስቲያን ስለ ሕግ የሚናገረው ነገር አለው፤ ነገር ግን ሊናገር የሚገባው ዛሬ በሚጮኽበት ጉዳይ ሳይሆን ዝም ባለበት ጉዳይ ነው።

አባቶቻችን ሁሉ በተክሊልና በቁርባን ተጋብተው እስከ ሞት ይኖሩ ነበር የሚለው አባባል ለጆሮ ደስ ይላል እንጂ እውነት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት፣ ይኸውም በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ሊቅ አልሳፊ ኢብን አልአሳል በዐረብኛ ያጠናቀረውና ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፍ፣ በ24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሰፊ ሥርዓት ይደነግጋል፤ የተጋቢዎቹንም ፈቃድ ይጠይቃል። ሕዝቡ ግን በአብዛኛው የተጋባው በሰማንያ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ በንጉሥ ስም ተምሎ፣ ንብረት ተቈጥሮ። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲጣሉ በሽማግሌ ፊት ይፋታሉ፣ ከብታቸውን ይካፈላሉ፣ ሌላ ያገባሉ። ከዚህም በታች የደሞዝ ጋብቻ ነበረ። ቁርባን የካህናትና የሽማግሌዎች ጋብቻ ሆኖ ቈየ፤ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ድረው ካበቁ በኋላ ይቈርባሉ። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሁሉ እያየች ከልጆቿ ጋር ኖረች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመውን ጋብቻ ጨመረ እንጂ የሃይማኖቱንም የልማዱንም እንደ ነበሩ ተቀብሏቸዋል።

ያ ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስትን ታዛዥ እንድትሆን ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ይህ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል) ሁለቱን እኩል አደረጋቸው፤ ፍቺንም ከሽማግሌዎች እጅ ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ባልና ሚስት ተስማምተው ሲመጡ ዳኛው እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ፍቺን አረከሰ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 19ኛ ምዕራፍ ጌታ ስለ ፍቺ በተጠየቀ ጊዜ፣ ሙሴ ፍቺን የፈቀደው ስለ ሰዎች ልብ ጥንካሬ መሆኑን፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ግን ሌላ እንደ ነበረ አስረድቷል። ወንጌል ለልብ ያዝዛል፤ የአገር ሕግ የሚጻፈው ልባቸው ለጠነከረም ጭምር ነው። በየሌሊቱ የምትደበደብ ሴት የፍርድ ቤቱ በር ቢዘጋባት የባሏ ልብ አይለሰልስም። ቤተ ክርስቲያን ተክሊሏን እንደ ጥንቱ አጥብቃ ብትጠብቅ የሚከለክላት ሕግ የለም፤ ማንም ዳኛ ቄሱን «ይህን የተፋታ ሰው ሁለተኛ አክሊል ድፋለት» ብሎ አያስገድደውም።

የምንጮኸው በዚህ ነው። ዝም ያልንበት ጉዳይ ግን የሕፃናት ጋብቻ ነው።

የ1952ቱ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ብሎ ነበር፤ የ1992ቱ ለሁለቱም 18 አደረገው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ648ኛው አንቀጹ 13 ዓመት የሞላትን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች የሆነችውን ያገባ ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። አገሩስ? በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ሆኖ ተገኘ፤ የወንዶቹ ግን 23.7 ነበር። ዛሬ ባለው ሕግ ብንመዝናቸው ከእነዚህ ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት በልጅነታቸው ተድረዋል።

እዚህ ላይ ለመናገር የሚከብድ ነገር አለ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ማግባት አለበት፤ ሚስቱ ብትሞት ወይም ቢፋታ ሌላ አግብቶ በክህነቱ ሊቀጥል አይችልም። ሥርዓቱን አንነቅፍም። ነገር ግን የዲያቆኑ አባት ነገሩ እንዳይበላሽበት ሲል ገና በአሥራ ሁለት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ያለችውን ልጅ ያጭለታል። የድንግልና ሥርዓት በገጠሩ የሕፃንነት ሥርዓት ሆነ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ድንግል ልትሆን አትችልም ያለው ማነው? ገበሬውስ የመሪጌታው ልጅ ያገባትን ሕፃን በዐይኑ እያየ የራሱን ልጅ ቢድር ምን ብለን እንወቅሰዋለን? ያለ ዕድሜ ጋብቻን በዐውደ ምሕረት የሚያወግዙ ካህናት መኖራቸውን እናውቃለን፤ ከውግዘቱ በኋላ ድግሱ ላይ ተገኝተው የሚባርኩም አሉ።

ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቷ ናት። ሰውነቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ሐኪም በሌለበት ቀናት ሙሉ አምጣ ልጁ ይሞትባታል፤ እርሷም በፌስቱላ ሽንቷን መቈጣጠር ተስኗት ከሰው ተገልላ ትቀመጣለች። በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቁመው ዕድሜያቸውን እነዚህን ሴቶች በማከም ያሳለፉት ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ ነው። አንዱ ክርስቲያን ቍስሉን ሲሰፋ ሌላው ክርስቲያን የቍስሉን ምክንያት ሲባርክ መኖሩ አያሳፍርም?

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ተክሊል ከመድረሱ በፊት፣ ቅስናም ከመሰጠቱ በፊት፣ የሙሽራዪቱ ዕድሜ ይጠየቅ፤ 18 ያልሞላት እንደ ሆነ ጋብቻውም ቅስናውም ይቈይ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቍጥር 760 ከወጣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የልደት የምስክር ወረቀት በሕግ አለ። «በገጠር የልደት ወረቀት ከየት ይመጣል?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ልጆች አልተመዘገቡም። ነገር ግን ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ክርስትና ያነሣቻት ሴት በዚያው መንደር ናት፤ የነፍስ አባቷም በየጊዜው ቤታቸው ጠበል ይረጫል። በዚያ አጥቢያ ዕድሜዋን አላውቅም ለማለት ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው ራሱ ቄሱ ነው።