ቦርሳ የለኝም ብሎ ከወሊማ መቅረት ይብቃ

 

ረመዳን አልፎ ሸዋል ሲገባ የሠርግ ጥሪ ይበዛል። በእህቶች ዶርም ጥሪ በመጣ ቁጥር የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ምን ይዤ ልሂድ?» ጥያቄው ስለ ስጦታ አይደለም፤ ስለ ቦርሳ ነው። ቀሚሱ የዒዱ አለ፣ ሻሽም አይጠፋም። ቦርሳ ላይ ሲደረስ ግን ያለው ላፕቶፕና የላብራቶሪ ጋዋን የምንሸከምበት የጀርባ ቦርሳ ብቻ ይሆናል። ከዚያ አንዷ «አሞኛል» ትላለች፣ ሌላዋ «ፈተና ደርሶብኛል»። ሙሽራዋም ግማሾቹን ጓደኞቿን ሳታይ ቀኑ ያልፋል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የወሊማ ጥሪን ማክበር ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙን ነው። ብዙዎቹ ዑለማዎችም የተጠራ ሰው ያለ በቂ ዑዝር ሊቀር አይገባም ብለዋል። ቦርሳ ማጣትን ከዑዝር የቆጠረ ኪታብ እኔ አልቀራሁም። ስለዚህ ለሠርግ የሚሆን ቦርሳ እንዴት እንደሚመረጥ በግልጽ ብንነጋገር ጥሩ ነው።

የምህንድስና ተማሪ ነኝና ከጭነቱ ልጀምር። እኛ የአንድን ነገር ቅርጽ ከመሳላችን በፊት ምን እንደሚሸከም እንጠይቃለን። ከረፋዱ ጀምሮ መግሪብ እስኪቃረብ ሠርግ ቤት የምትቆይ እህት ምን ትይዛለች? ስልክ፣ የታክሲ ገንዘብ፣ ማታ በር ላይ የሚጠየቅ የተማሪ መታወቂያ፣ የስጦታው ፖስታ፣ ሁለት ሦስት እስፒል፣ ሶፍት፣ ታጥፎ የሚገባ ስስ መስገጃ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ። ውሃው ብቻውን 500 ግራም ነው፤ ስልኩ 200 ግራም ገደማ ይሆናል። ቀሪው ሲጨመር ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። አንድ ኪሎ በቀጭን ሰንሰለት ሲንጠለጠል ትከሻ ይቆርጣል። ክብደቱ ሳይለወጥ የሚያርፍበት ስፋት ካነሰ ግፊቱ እንደሚጨምር የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምሮናል። ማንገቻው ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል ማለት ነው።

ገበያ ላይ «ክላች» የሚባለው ማንገቻ የሌለው ትንሽ ቦርሳ ያምራል፤ አልክድም። ጋራዥ ውስጥ ፍሪሲዮን የሚሉት የመኪና ክፍልም በመማሪያ መጽሐፋችን ስሙ ክላች ነው፤ ሞተሩንና ማርሹን ያገናኛል፣ ያለያያል። የሠርጉ ክላች ግን ማለያየቱን እንጂ ማገናኘቱን አያውቅበትም። በቀኝ እንበላለን፣ በግራ ሳህን እንይዛለን። ሙሽራዋን ማቀፍ፣ እናቷን መጨበጥ፣ የተንሸራተተ ሒጃብ ማስተካከል አለ። ታዲያ ክላቹን በየትኛው እጅ እንያዘው? ወንበር ላይ ይቀመጥና እዚያው ይረሳል። የዙህር ወይም የዐስር ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ውዱእ የምታደርግ እህት ሁለቱም እጆቿ ባዶ መሆን አለባቸው። ከትከሻ ወደ ጎን ተሻግሮ የሚንጠለጠል፣ ዚፑ በደንብ የሚዘጋ፣ ወጥ ቢነካው በእርጥብ ጨርቅ የሚጸዳ ቦርሳ ለዚህ ሁሉ ይበቃል። ስትሰግድ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች፤ ልቧም ከሶላቷ አይወጣም። ቀለሙ ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ ከየትኛውም አባያ ጋር ይሄዳል፣ ለሚቀጥለውም ሠርግ ያገለግላል። የሚያብረቀርቀውን ለሙሽራዋ ብንተውላት ደግሞ ምን ይጎድልብናል?

ቦርሳው ከምን እንደተሠራም መታየት አለበት። በቆዳ በኩል ሀገራችን የታደለች ናት። የባቲ ስም በፍየል ቆዳ ንግድ ውጭ ሀገር ድረስ ይታወቃል፤ የደጋ በጋችን ቆዳም ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለእጅ ጓንት ይፈለጋል። ከውጭ የመጣ ቦርሳ ከሆነ ግን ገበሩን ገልጦ ማየት ይገባል፤ የአሳማ ቆዳ ለገበር የሚውልበት ጊዜ አለና። የፀጉሩ ቀዳዳዎች ሦስት ሦስት ሆነው ትናንሽ ሦስት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። በሻፊዒም ሆነ በሐነፊ መዝሀብ ቆዳ ሲለፋ ይጠራል ሲባል የአሳማ ቆዳ ከዚያ ውጭ ነው። ቆዳ መሳይ ሰው ሠራሽ ከሆነ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ለተማሪ ኪስም ይቀላል።

«ታዲያ ማማር ክልክል ነው?» የምትል እህት ትኖራለች። አይደለም። ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር መውደዱ ኩራት አለመሆኑን፣ ኩራት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ መሆኑን ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተምረናል። የሱረቱል ፉርቃን መልእክትም ሚዛን ነው፤ የአላህ ባሮች ሲያወጡ አያባክኑም፣ አይሰስቱምም። ቦርሳው ውስጡ ከተቀመጠው የስጦታ ፖስታ ብዙ እጥፍ ካወጣ ለማን እንደተገዛ ራሳችንን እንጠይቅ። ሙሽራዋን ለማስደሰት ነው ወይስ ለፎቶው?

ከዚህ የሚከፋው የታወቀ ብራንድ ምልክት ተለጥፎበት አስመስሎ የተሠራው ቦርሳ ነው። አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ያልተሰጠውን የተሰጠው መስሎ የሚታይ ሰው የሐሰት ልብስ በለበሰ ተመስሏል። ሐሰተኛ ምልክት ክንዳችን ላይ አንጠልጥለን «ስንት ገዛሽው?» ስንባል ፈገግ ብሎ ዝም ማለት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ለአንድ ቀን ቦርሳ መዋስስ? አይመሳሰልም። ለእህታቸው ለዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐብል ያዋሱት እነዚሁ አስማእ ናቸው፤ ያ ሐብል በጉዞ ላይ ጠፍቶ ሲፈለግ ነው የተየሙም አንቀጽ የወረደው። ዓኢሻም አንድ ቀሚስ ነበረቻቸው፤ መዲና ውስጥ የምትዳር ሴት ለሠርጓ ልካ ትዋሳት እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። እነዚያ ሙሽሮች በውሰት ቀሚስ ተድረዋል፤ ማንም አላፈረም፣ ማንም አልደበቀም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የተዋሰች እህት ስትጠየቅ «የእገሊት ነው፣ አውሳኝ ነው» ብላ ትመልሳለች፤ በዚህ መልስ ውስጥ ሐሰት የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጀመዓችን የእህቶች ክፍል ውስጥ ለሠርግ የሚሆኑ አምስት ስድስት ቦርሳዎች የሚቀመጡበት አንድ መደርደሪያ ይኑረን። በየሳጥናችን ታጥፎ የተቀመጠ፣ በዓመት አንዴ የሚወጣ ቦርሳ ያላት ታዋጣ። የምትወስደው ደብተር ላይ ትፈርም፣ በሦስተኛው ቀን አጽድታ ትመልስ። በመድረሳ የውሰትን ምዕራፍ የቀራን እንደምናስታውሰው፣ በሻፊዒ መዝሀብ የውሰት ዕቃ ከተፈቀደው አገልግሎት ውጭ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ተዋሹ ይተካል። ይህን ከመነሻው ተነጋግረን ብንጽፈው ቅያሜ አይኖርም።

በቴሌግራም ግሩፕ «ሁላችንም አንድ ዓይነት ቦርሳ እንግዛ» የምትሉ የሙሽራ ጓደኞችም አንድ ነገር አስቡ። ግሩፑ ውስጥ ዝም ያለችው እህት የተስማማች ላትሆን ትችላለች። ከቤት የሚላክላት ገንዘብ ለወሩ ፎቶ ኮፒና ሳሙና ብቻ የሚበቃ ሊሆን ይችላል። ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ቦርሳ ከሚታይ እሷ ብትታይ ይሻላል።

ወንድሞች፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ሠርግ ስታስተባብሩ ለእህቶች የውዱእና የሶላት ቦታ፣ ከጎኑም ዕቃ የሚጠበቅበት አንድ ጠረጴዛ አዘጋጁ። ይህ ከተሟላ እህቶቻችሁ መስገጃና ውሃ ተሸክመው አይመጡም፤ አነስ ያለች ቦርሳም ትበቃቸዋለች።

መደርደሪያው ከተፈቀደ የእኔን ጥቁር ቦርሳ የመጀመሪያ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ማንገቻዋ ሰፊ ነው፣ ዚፗ ይሠራል፣ መስገጃም ትይዛለች። ሁለተኛዋን ከእናንተ እጠብቃለሁ፣ ኢንሻአላህ።