«ሥራህ ምን ነበር?»

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በሽተኛው ምንም ሳይሸሽግ፥ ጠያቂ አጥቶ ሳይናገር የቀረውንስ ምን እንበለው? ዛሬ የምናነሣው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም አንድ ካንሰር ከአስቤስቶስ የመጣ መሆን አለመሆኑ በምን እንደሚታወቅና የማወቁ ኃላፊነት የማን እንደሆነ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር፥ እንደ ጥጥ የሚፈተል፥ እሳት የማይበላው ድንጋይ ነው። ለጣራ ክዳን፥ ለውኃ ቧንቧ፥ ለቦይለር መሸፈኛ፥ ለመኪና ፍሬን ሸራ ሲሠራበት ኖሯል። ሲቆረጥና ሲሞረድ በዓይን የማይታይ ቀጭን ጭረት ሆኖ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ጉዳቱ የሚታየው ግን በማግሥቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ እንመልከት። በኪምበርሊ ከተማ የቲቢ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ስሌግስ አንድ ነገር አስተዋሉ። የሳንባቸው ሽፋን ታሞ ከሚመጡት መካከል ከከተማው በስተምሥራቅ የመጡት በቲቢ መድኃኒት ሲሻላቸው፥ በስተምዕራብ ካለው የአስቤስቶስ ተራራ አገር የመጡት ግን አልተሻላቸውም። በ1960 ዋግነር፥ ስሌግስና ማርሻንድ የ33 በሽተኞችን ታሪክ አሳተሙ። በሽታው ቲቢ ሳይሆን ሜሶቴሊዮማ የሚባል የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ሰማያዊው አስቤስቶስ ሳያገኛቸው አልቀረም። ከእነዚህም መካከል በማዕድኑ ከቶ ሳይሠሩ በአጠገቡ ያደጉ ነበሩ። እንግዲህ ይህን እውነት ያወጣው ማጉያ መነጽር ብቻ አይደለም፤ «የት አደግህ? ምን ሠራህ?» የሚለው ጥያቄ ጭምር ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪም የበሽተኛውን ሥራ እንዲጠይቅ አስተምሯል። እኛስ? በካርዱ ላይ ስምና ዕድሜ በጥንቃቄ ይጻፋል፤ «ሥራ» ከሚለው አጠገብ ግን «የቀን ሠራተኛ» ወይም «ጡረተኛ» ተብሎ ይታለፋል። ሠላሳ ዓመት ፍሬን ሸራ ሲሞርድ የኖረ መካኒክ «ጡረተኛ» በምትል አንዲት ቃል ታሪኩ ሁሉ ይጠፋል። ደግሞም በቋንቋችን «የሳንባ ነቀርሳ» ቲቢ ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻ ሲባል ካንሰር ነው። የኪምበርሊ ስሕተት በአፋችን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል ማለት ነው።

ለመሆኑ መመዘኛ የለም? አለ። በ1997 በሄልሲንኪ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች አውጥተውታል፤ በ2014ም ታድሷል። ለሜሶቴሊዮማ፥ ሰውየው ከአስቤስቶስ ጋር ከተገናኘ ቢያንስ 10 ዓመት ካለፈ፥ የሠራው ለአጭር ጊዜ ወይም በጥቂት አቧራ ውስጥ ቢሆን እንኳ በሽታውን ከሥራው ለማያያዝ ይበቃል። ለሳንባ ካንሰር ግን ሚዛኑ ይከብዳል። ከ10 ዓመቱ በተጨማሪ በአስቤስቶስ የተጎዳ ሳንባ መታየት፥ ወይም ብዙ አቧራ ባለበት ሥራ 1 ዓመት፥ በመካከለኛው ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት መሠራቱ መረጋገጥ አለበት። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ከሥራ ታሪክ ላይ ይወድቃል።

«ሲጋራ ሲያጨስ ኖሮ አስቤስቶስን ይከሳል» የሚሉ አሉ። በመጀመሪያ፥ ሜሶቴሊዮማ ከሲጋራ አይመጣም። ስለ ሳንባ ካንሰርም ቢሆን በ1979 የወጣው የአሜሪካ ሠራተኞች ጥናት እንዲህ አሳየ፤ አስቤስቶስ ብቻ ያገኘው ሰው በዚህ በሽታ የመሞት ዕድሉ 5 እጥፍ፥ ሲጋራ ብቻ ያጨሰ 10 እጥፍ ያህል፥ ሁለቱም የተደራረቡበት ግን 50 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ሲጋራ ለአሠሪ ጠበቃ ሊሆን አይገባም፤ አንዱ ጥፋት ሌላውን ያባብሰዋል እንጂ አይሰርዘውም።

ሕጉም ቢሆን መንገድ አላጣም። አንድ ሠራተኛ በብዙ አሠሪዎች ዘንድ ሠርቶ በሜሶቴሊዮማ ቢታመም፥ ገዳዩ ጭረት ከየትኛው እንደመጣ ማን ያውቃል? የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ2002 በፌርቻይልድ ጉዳይ፥ በጥፋቱ አደጋውን ያበዛ አሠሪ ሁሉ እንዲጠየቅ ፈረደ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ኬፕ የተባለውን ኩባንያ በእንግሊዝ አገር ከስሰው በ2003 በስምምነት 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል አድርገዋል። ነገር ግን ከ7,000 ከሚበልጡት ከሳሾች ብዙዎች ይህን ሳያዩ ሞተዋል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ማስረጃውን ከደከመው በሽተኛ እጅ መጠበቅ ፍርድ አይደለም። የአቧራውንና የሠራተኛውን መዝገብ መያዝ የአሠሪው ዕዳ ነው፤ መዝገቡም በ5 ዓመት የሚቃጠል ሳይሆን 40 ዓመት የሚቆይ መሆን አለበት። የሕክምና ተማሪ ሆይ፥ «ጡረተኛ» ብለህ አትለፍ፤ ከመጀመሪያው ሥራ ጀምረህ ጠይቅ፤ የባሏን የሥራ ልብስ ስታጥብ የኖረችውንም ሴት ጠይቅ። የምሕንድስና ተማሪ ሆይ፥ አሮጌ ሕንፃ ከማፍረስህ በፊት ከምን እንደተሠራ እወቅ። የሕግ ተማሪ ሆይ፥ የሞተው ሰው ሊመሰክር አይችልምና በሕይወት ሳለ ቃሉን ጻፍ።

ጥያቄው ሦስት ቃል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ነገ ካርዱን የምንይዘው እኛው ነንና እኛው እንጠይቅ።