«እንዳትሄጂ» ከማለታችን በፊት

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ጋፋት ላይ በማለዳ የወጣ ሰው ሣሩን ነጭ ለብሶ ያገኘዋል። አመዳይ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች ይጠፋል። በእነዚሁ ወራት ልጆቻችን በሚኖሩባቸው በዴንቨር፣ በሚኒያፖሊስና በኦስሎ ግን በረዶ ይጥላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ወደ ተራራ ይወሰዳሉ። እኛም በስልካችን ሁለት ዘንግ ጨብጦ፣ እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ሰሌዳ አስሮ የቆመ የልጅ ልጅ ፎቶ ይደርሰናል።

እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በአንድ ስም «በረዶ» እንላለን። የፋርጣ ሰው በረዶ ሲባል ትዝ የሚለው ገብሱን ያረገፈው ነው። ስለዚህ ስንደነግጥ አይፈረድብንም።

አንዲት ጎረቤታችን የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ዓምና ከዴንቨር ደውላ «እምዬ፣ ነገ ስኪ ልንሄድ ነው» ስትላቸው፣ «ምነው ልጄ! እግርሽ ቢሰበርስ? እንዳትሄጂ!» አሏት። ልጅቷ ሄደች። ለአያቷ መንገር ግን ተወች፤ ፎቶውም ቀረ። የስልኩ ወሬ «ደኅና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ ሆነ። እኚህ እናት ዘንድሮ መጥተው «ምን ብዬ ላናግራት?» አሉኝ። የእኔም ልጆች እዚያው ስለሆኑ፣ ጠይቄ ያጠራቀምኩትን ነገርኳቸው።

በመጀመሪያ፣ ስኪ ለኢትዮጵያዊ ነውር አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ፤ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ሰንደቃችንን ይዞ ተመለሰ። በረዶ በሌለበት በአዲስ አበባ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። የእሱ ዓይነት ስኪ አገር አቋራጭ ነው፤ እንደ ሩጫ ሜዳውንም ዳገቱንም የሚሄዱበት። ልጆቻችን በብዛት የሚወሰዱበት ግን ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ነው፤ ጥንቃቄው የሚበዛውም በዚህኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ከፍታን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከዴንቨር ብዙ ሰው የሚሄድበት ብሬከንሪጅ ግርጌው 2,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ታቦር ትንሽ ከፍ ይላል። ጫፉ ግን 4,000 አይሞላም፤ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ጉና በረዶ ለብሶ የማይከርመው ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ የደጋ አየር ሲያጥረውና ራሱን ሲያመው አይታችኋል። እነሱንም እንደዚያው ያደርጋቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ቀስ እንዲሉና ውኃ እንዲጠጡ ምከሩ።

ከዚያ ጠይቁ። «የዛሬው በረዶ እንዴት ነው?» በሉ። ሌሊት የወረደ አዲስ በረዶ ለስላሳ ነው፤ ሲወድቁበት ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። ቀን ሟሙቶ ሌሊት የተጋገረው ግን ጠዋት እንደ መስተዋት ነው፤ ፀሐይ እስክታላላው መጠበቅ ይሻላል። ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ጉድጓዱና ጉብታው አይለይም፤ ጉና ላይ ጉም የያዘው እረኛ የሚያውቀው ነገር ነው።

«መንገዱ ምን ቀለም ነው?» በሉ። በአሜሪካ አረንጓዴ ክብ የጀማሪ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን የመካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ የሠለጠነ ሰው ነው። በአውሮፓ በሰማያዊና በጥቁር መካከል ቀይ አለ። ልጅ ጓደኞቹ ስለሄዱ ብቻ ጥቁር ላይ አይውጣ። ከላይ የሚወርድ ሰው ከታች ላለው መጠንቀቅ እንዳለበት ሕግ ነው፤ የራስ ቁርም አይረሳ።

«ምን ለብሰሻል?» በሉ፤ እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ እናንተ ናችሁ። ጋቢያችን ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሳለ ያሞቃል፣ ከረጠበ ግን ብርድ ይጠራል። በርኖስና ባና ሱፍ ናቸው፤ ቢረጥቡም ሙቀት ይይዛሉ። ስለዚህ ለልጁ ገላውን የሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን። በረዶ አብዛኛውን የፀሐይ ጨረር መልሶ ፊት ላይ ስለሚረጭ የዓይን መከላከያና የፀሐይ ቅባት ያስፈልጋል፤ ቆዳችን ጥቁር ነው ብለን አንተወው።

አንድ ነገር በተለይ ለወላጆች፦ ጣት፣ ጆሮ ወይም አፍንጫ ከደነዘዘ ብርዱ እየጎዳው ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ አመድማ መምሰሉን እዩ፤ ልጁንም «ይሰማሃል?» እያላችሁ ጠይቁት። ቶሎ ወደ ቤት አስገቡት። አትሹት፣ እሳት ላይም አትያዙት፤ የደነዘዘ ሥጋ ሲቃጠል አይሰማውም። ጣቱን በብብት ወይም ለብ ባለ ውኃ አሙቁት፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ይየው።

ጎረቤታችን ባለፈው ሰንበት ደወሉ። «የእኔ ልጅ፣ ዘንድሮ መንገድሽ አረንጓዴ ነው ሰማያዊ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ጥቂት ዝም አለችና «እምዬ፣ ማን ነገረሽ?» አለች። ከዚያ ወሬው ቀጠለ፤ የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ። ያን ቀን ከሰማያዊው መንገድ ላይ መውደቋን፣ ለእናቷ ያልነገረችውን የጉልበቷን ሕመም ጭምር ለአያቷ ነገረቻቸው። ጉልበቷ በማግስቱ ታየላት፤ ደግነቱ ቀላል ነበር።

እናንተስ የልጅ ልጆቻችሁን ስለ በረዶው ምን ጠየቃችኋቸው? ጻፉልን። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።